ሰባት ጊዜ የታጠበ ማሽላ

ሐጅ ኦስማን ከካይሮ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ባሌን ሌባ ብሎ አሳሰረው። ዕድሜውን አይቼ «እርሳቸው» ማለት ነበረብኝ፤ አልልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞት ደጃችን ላይ ሲውልና ሲያድር አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ናችሁ» ያላለ ሰው፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ መጥቶ «ዘሬ የት ሄደ?» አለ። የፖሊስ ጣቢያው መኰንን እስከ ነገ ቀትር ጊዜ ሰጠን። ባሌ ዘሩን እንዳልሸጠ የሚያስረዳ ካላመጣን፣ ከሚባረሩት ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ጠረፍ ይሸኛል። ሠላሳ አራት ዓመት ከኖረበት ከተማ ሌባ ተብሎ ሊባረር ነው።

ባሌ በላይነህ ይባላል። ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ሰሜን ክፍል የሐጅ ኦስማን የዘር መጋዘን ዘበኛ ነው። ዘበኛ ይባል እንጂ ሥራው ሌላ ነበር። አገር ቤት ሳለ ፍኖተ ሰላም አካባቢ የግብርና ሠራተኛ ነበር፤ በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ በመተማ አድርጎ ወጣ። ካርቱም ላይ የምስክር ወረቀቱን የሚያይለት ስላጣ ዱላ ያዘ። ሐጅ ኦስማን ግን ዱላ የያዘው ሰው ዘር እንደሚያውቅ ቶሎ ነቃ። በየዓመቱ አዝመራ ሲገባ በላይነህ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ እዚህ ፈተሪታ የሚሉትን ነጭ ማሽላ አንድ በአንድ እያየ ይመርጣል። ነቀዝ የነካውን ይጥላል፣ ፍሬው የሳሳውን ይጥላል፣ ዝናብ ሲያጥር ቀድሞ የደረሰውን ለብቻው ያኖራል። እናት ዘር ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ መረጠ፤ ሐጁ በዚያ ዘር ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሀብታሞች ሠፈር ቪላ ሠራ፣ የበላይነህ ደመወዝ ግን የዘበኛ ደመወዝ ሆኖ ቀረ። ስንት ጊዜ ነገርኩት። «የኔዬ፣ ዘሩ እኮ በየዓመቱ እየተሻለው ነው» ይለኛል፣ የራሱን ልጅ ያሳደገ ይመስል። ሞኝና ወረቀት የያዙትን አይለቁም።

ጦርነቱ የጀመረ ሰሞን ሐጅ ኦስማን ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ካይሮ ወጣ። እኛን «ውጡ» አላለንም። ቁልፉን ለበላይነህ ሰጥቶ «እናት ዘሩ አማና ነው» አለው፤ አደራ ማለት ነው። ለባሌ አደራ ካሉት ሌላ ገመድ አያስፈልገውም፤ ራሱን በራሱ ያስራል።

መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማሽላ ነበር። ሠላሳ ጆንያ ነጩ እናት ዘር ነው። ሌላው፣ ከመቶ ጆንያ የሚበልጠው፣ ተባይ እንዳይበላው መርዝ ተለውሶ በቀለም የቀላ ዘር ነው። እሱ ይዘራል እንጂ አይበላም፤ ጆንያው ላይ የራስ ቅል ተስሎበታል። በላይነህ አንድ ብልሃት አሰበ። ነጩን ከግድግዳው አስጠግቶ ደረደረና ቀዩን ከፊቱ እስከ ጣራው ድረስ ካበው። ታጣቂዎቹ ሲመጡ ሚዛኑን ወሰዱ፣ ጄኔሬተሩን ወሰዱ፣ የራስ ቅሉን ሲያዩ ምራቃቸውን ተፍተው ሄዱ። ያን ቀን በላይነህ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም።

በሁለተኛው ዓመት ራቡ ጠና። ገበያው ተዘጋ፣ የተራበ በነፃ የሚበላበት የሠፈሩ ወጥ ቤት ባዶውን ቀረ፣ ሰው የከብት መኖ ፈጭቶ በላ። እኔና በላይነህ በቀን አንድ ጊዜ ምስር እንቀምስ ነበር። እኔ ከቀዩ ክምር በስተጀርባ ያለውን አውቃለሁ። «አንድ ቁና ብቻ» ብዬ ስለምነው «ዘሩን የበላ ገበሬ ምን ቀረው?» አለኝ። እኛ ገበሬ አይደለንም ብዬ ጮኽኩበት። አልሰማኝም።

ከእኛ ሦስተኛው ቤት ሉጥፊያ ነበረች። ባሏ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ረያን የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለቻት። ረያን ጠዋት ጠዋት ደጃችን መጥታ፣ እኔ ያስተማርኳትን «እንደምን አደራችሁ» ብላ ትጮኻለች። በላይነህን ጅዱ ትለዋለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። እሱም ከምስሩ የድርሻውን ግማሽ ለሷ ያስቀምጥ ነበር። ግማሽ ምስር፣ ከጀርባው ሠላሳ ጆንያ እህል እያለ።

አንድ ማለዳ ሉጥፊያ ፍንዳታ በቀደደው ቆርቆሮ ሾልካ መጋዘኑ ገባችና ከፊት ለፊት ያገኘችውን፣ ቀዩን፣ በሳፋ ሞልታ ወጣች። የራስ ቅሉን አይታዋለች። የታጠበ ይጸዳል ብላ ነው። ከዓባይ በጄሪካን ያመጣችውን ውሃ ሁሉ አፈሰሰችበት። የመጀመሪያው እጣቢ እንደ ደም ቀላ፣ ሦስተኛው ገረጣ፣ ሰባተኛው ጥርት አለ። ከዚያ አድርቃ፣ በማግስቱ ማለዳ ፈጭታ፣ ዐሲዳ አገነፋች። እናት አይደለች፣ መጀመሪያ ለልጇ አቀረበች፤ ለራሷ ድስቱን ጠረገች።

ጩኸቷን ሰምተን ስንሮጥ ልጅቱ ታስመልሳለች፣ ምራቋ ይዝረበረባል፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል። በላይነህ በሩ ላይ የደረቀውን ቀይ እጣቢ አየና ምን እንደበላች ገባው። ቀለሙ ይለቃል፣ መርዙ አይለቅም። በባሕሪ የሚሠራ ሐኪም ቤት አልነበረም። ረያን ቀትር ሳይሆን ሞተች።

የቀበርናት እዚያው ጥጉ ላይ፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ በሚቀበርበት ሜዳ ነው። ስንመለስ ሉጥፊያ በላይነህን መንገድ ላይ አቆመችው። እሷም ታማ ስለነበር ግድግዳ ይዛ ነው የቆመችው።

«ያ ዐም በላይ፣ አጎቴ፣ ከቀዩ ኋላ ምን ነበር?»

መዋሸት ይችል ነበር። «ነጭ ማሽላ» አላት። «ንጹሕ ነው።»

«ስለዚህ ምግቡን ደብቀህ መርዙን ነው ከፊት ያቆምክልን» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

በዚያው ቀን፣ የሳተላይት ስልክ በደቂቃ ሒሳብ ወደሚያከራየው ሰውዬ ሄደን ካይሮ ደወልን። በላይነህ ልጅ መሞቷን ተናገረ፤ ነጩን ለሰው ላድል ብሎ ለመነ። ሐጅ ኦስማን «አላህ ይርሐማ» አለ፤ ነፍስ ይማር ማለቱ ነው። ከዚያ ትንሽ እንኳ ሳይቆይ «ነጩ ደህና ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀ። «ከፈለጉ ቀዩን ይውሰዱ፣ ደህና አድርገው እንዲያጥቡት ንገራቸው። ነጩን እንዳትነካ።» የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል፤ ይሄኛው ግን አለመምሰል አይደለም። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ተራ የሚጠብቀውም ሰው ሁሉ ሰምቷል። ስልኩን ነጥቄ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

በማግስቱ በላይነህ የቀዩን ክምር አፈረሰ። ቀዩን ዘር ግቢው ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው፤ ሦስት ቀን ፈጀብን። ከዚያ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ሠፈሩን ጠራ። ነጩ ማሽላ ለነፃ ወጥ ቤቱም ለየቤቱም ተሰፈረ። ሃያ ሁለት ዓመት የለቀመውን ሲሰፍር ፊቱን አይቼዋለሁ። ከሥፍሩ ላይ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ እፍኝ እየጨመረ «ይህን ቋጥረሽ አስቀምጪ፤ አይበላም። ሰላም ሲሆን ይዘራል» ይላል። እኔ ተናደድኩ። የተራበን ሰው እፍኝ እህል ቋጥረህ ተኛ ይባላል? ሴቶቹ ግን የሚከናነቡትን የቶባቸውን ጫፍ ዘረጉለት። ሉጥፊያ አልመጣችም። ድርሻዋንና እፍኙን እኔ ወስጄ በሯ ላይ አኖርኩት።

እንግዲህ ሐጁ ሰረቀኝ የሚለው ይህንን ነው። በላይነህን «ክፈል» ቢለው ይሻለኝ ነበር፤ ሐጁ ግን «ለነጋዴ ሸጦታል» አለ። መኰንኑ «መጋዘኑን ከፍተሃል?» ብሎ ሲጠይቀው የኔው ጅል ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከፍቻለሁ። ጥፋቴ ዘግይቼ መክፈቴ ነው።» መኰንኑ ይህን አልጻፈውም፤ «ከፍቻለሁ» የሚለውን ብቻ ጻፈ።

እኔ ከጣቢያው ወጥቼ ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዱ ቤት ተቃጥሏል፣ አንዱ ተዘግቷል፤ አንዷ «ኻላ የኔነሽ፣ አክስቴ፣ ወላሂ በላነው» ብላ ፊቷን ሸፈነች። ምን ልበላት? እኔም ብሆን እበላው ነበር። ዘጠኝ ሴቶች ቋጠሯቸውን አወጡልኝ፤ ጣቢያ መጥተው ሐጁ ፊት ለመናገር ግን ፈሩ። እንደገና በሠፈሩ ሊነግሥ የመጣ ሰው ነው። የሉጥፊያን በር ሁለት ጊዜ አልፌው ሄድኩ። በምን አፌ አንኳኳለሁ?

በማግስቱ ዘጠኙን ቋጠሮ መኰንኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሐጅ ኦስማን ነጭ ጀለቢያውን ሰብስቦ ተቀምጧል። «ማሽላ ከገበያም ይገዛል» አለና ሳቀ። መኰንኑ ሰዓቱን አየ። ውጭ የጭነት መኪናው ሞተር ተነሥቷል፤ በላይነህ ጫማውን ያስራል፣ ለመሄድ የሚዘጋጅ ሰው ሆኖ። በዚያች ሰዓት ሐጁን ብቻ ሳይሆን ባሌንም ማነቅ ነበር ያማረኝ።

ሉጥፊያ ያን ጊዜ ገባች። ማንም አልጠራትም። ማንንም ሰላም አላለችም። ከቶቧ ሁለት ቋጠሮ ፈታች፤ ጠረጴዛው ላይ አጠገብ ላጠገብ አፈሰሰቻቸው። አንዱ ነጭ ነው፣ አንዱ ቀይ።

«ይህ ነጩ በሬ ላይ የተተወልኝ ነው» አለች ለመኰንኑ። «ራቤን አውቃለሁ፣ አልበላሁትም። ሁሉም ሴት እፍኝ ተሰጥቷታል፤ ያልመጡት ፈርተው ነው። ሰውየው አልሸጠም።» ከዚያ ወደ ሐጁ ዞረች። «ይህ ቀዩ ልጄ ከበላችው ዘር ሳይታጠብ የተረፈው ነው። ደህና አድርገው ይጠቡት ብለህ ነበር አሉ። እኔ የበላችውን ሰባት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ ሐጅ።»

ሐጅ ኦስማን ጉሮሮውን ጠረገ። እንደ ልማዱ እጁን ወደ ነጩ ዘረጋ። «ለማንኛውም ይሄ የኔ ነው» አለ።

ሉጥፊያ እጁን በእጇ ያዘችው። «ሁለቱም ያንተ ናቸው» አለች። «ከአንድ መጋዘን ነው የወጡት። ነጩን ስትወስድ ቀዩንም ይዘህ ትሄዳለህ።»

ቀዩን አልነካውም። መኰንኑ ጠረጴዛውን እያየ «ሐጅ፣ ኻላስ፣ በቃ፣ ውጣ» አለው። ሐጁ እጁን መንጭቆ ሲነሣ ነጩ ማሽላ ወለሉ ላይ ተበተነ። የበላይነህን የክስ ወረቀት መኰንኑ ቀደደው። ይቅርታ ያለን ማንም የለም።

በላይነህ ግን አልወጣም። ሉጥፊያ ፊት ቆሞ አፉን ከፈተ። እሷ ቀደመችው።

«ሌባ አይደለህም ያልኩት እውነት ስለሆነ ነው» አለችው። «አልማርኩህም።»

ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ከዚያ ተንበርክኮ ወለሉ ላይ የተበተነውን ማሽላ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። ስልሳ ሰባት ዓመት የሆነው ሰው፣ ፖሊሶች እያዩት፣ ከጠረጴዛው ሥር እየዳኸ። ክንዱን ይዤ «ተነሥ፣ ይበቃል፣ እንሂድ» አልኩት።

ሉጥፊያ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ዞር ብላ አየችን።

«ተዪው፣ ይልቀም» አለች። «አንዲትም እንዳትቀር።»