ሊፍቷ እና ጥቁሩ ደብተር

የቤተ መጻሕፍቱ ሊፍት ከተበላሸ ሦስት ዓመቱ ነው። የማስጠገኛው ደብዳቤ ፊርማ አጥቶ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል፤ እሱ እንደሆነ ቢሮው ታች ነው፣ ምን ገዶት! ከላይ መጽሐፍ ሲፈለግ የምትላከው ያቺ ቀጭን የካታሎግ ሠራተኛ ናትና፣ ስሟ ተረስቶ «ሊፍቷ» ሆና ቀርታለች።

ከሥራ በኋላ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ለጂም የሚተርፍ ሰዓት ስለሌላት የምሳ ሰዓቷን ለደረጃው ሰጥታለች። መጽሐፍ ታቅፋ፣ የመደርደሪያ ቁጥሮችን በቃሏ እየደገመች፣ አምስት ፎቅ ስድስት ጊዜ ወጥታ ትወርዳለች።

ታላቅ እህቷ አንድ ጠዋት የስፖርት ጫማዋን ስታስር አይታ፣ «እኔ የምለው፣ ሳትሰለቺ እንዲህ የሚያስሮጥሽ ምንድን ነው?» ብትላት፣

«የኃላፊያችን ፊት» አለቻት።

እውነቷን ነው። ሰውየውን ዓይኑን ማየት አትፈልግም። ማጥናት ያስጠላት ቀን እሱን ታስበዋለች፤ ወዲያው ደሟ ይፈላና መጽሐፉን ትገልጣለች።

እሱም አይወዳትም። እሱ የሚወደው ወንበሩን ነው። በአዲሱ ደንብ ከመጪው ዓመት ጀምሮ የክፍሉ ኃላፊ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው መሆን አለበት፤ እሱ የለውም፣ እሷ ደግሞ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ቀርቷታል። ስለዚህ ሰው በተሰበሰበበት፣ «የቀጠርነው ሠራተኛ ነው ፈረስ?» እያለ ያሾፍባታል። ምላሱ ይቆረጥና!

ጽሑፏ ያለ ቦታቸው ስለተደረደሩ መጻሕፍት ነው። ያለ ቦታው የገባ መጽሐፍ ከተሰረቀ አይሻልም፤ ካታሎጉ አለ ይላል፣ እጅ ግን አያገኘውም። እነዚህን ሁለት ዓመት ሙሉ መደርደሪያ በመደርደሪያ ቆጥራ አንድ ጥቁር ደብተር ላይ አስፍራለች። ሌላ ቅጂ የለውም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አማካሪዋን አነጋግራ ስትመለስ መሳቢያዋ ባዶ ነው። ጽሑፉ የሚገባው በማግስቱ ነው። በሩን ሳታንኳኳ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«ደብተሬ የት አለ?»

«ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይደለን? ፈልጊያ» አላት፣ ቀና እንኳን ሳይል።

ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ግን አንገቱ ላይ ቀረ። ኮሌታው በላብ ርሷል። አንድ እጁ ጎኑን ይዟል፣ የሚተነፍሰውም ባፉ ነው። ይህ ሰው መስኮት ለመክፈት እንኳን ከወንበሩ የማይነሳ ሰው ነው። ያንን ውጋት ደግሞ እሷ ታውቀዋለች፤ ደረጃውን የጀመረች ሰሞን አራተኛውን አልፋ አምስተኛው ላይ ነበር እንዲህ አጥፎ የሚይዛት።

ወዲያው ከቢሮው ወጥታ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

አምስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት የግብርና፣ የሙዚቃና የስፖርት መጻሕፍት ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት መጽሐፍ ሲደረድር የኖረ ሰው፣ ለተንኮልም ቢሆን አንድን ነገር ያለ ርእሱ ማስቀመጥ እጁ እሺ አይለውም። ከሦስቱ ደግሞ ደረጃ ስትሮጥ ለምትውል ሴት ደብተር የሚስማማው አንዱ ብቻ ነው፤ በቀጥታ ወደ ስፖርቱ ሄደች። ጥቁሩ ደብተር በሩጫ መጻሕፍት መካከል፣ ጀርባው ከሌሎቹ ጋር ተስተካክሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሳቋም ንዴቷም አንድ ላይ መጣባት።

ወርዳ ደብተሩን አፍንጫው ሥር አስቀመጠችው። እሱ ገና ላቡን ጠርጎ አልጨረሰም።

«ጋሼ» አለችው፣ ትንፋሿ ሳይቆራረጥ፣ «አምስተኛ ፎቅ ድረስ ምን አደከመዎት?»

«ምን እያልሽ ነው አንቺ?»

«ከአሁኑ ይልመዱት ነው የምለው። ወንበሩን የተረከብኩ ቀን እርስዎን የምመድብዎ እዚያ ነው። ሊፍቱን እንደሆነ አላሠራውም።»