ሁለተኛው ዓይን

አዲሱ ቤተ ክርስቲያናችን ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ግድግዳው ለረጅም ጊዜ ነጭ ሆኖ ቆየ። መቀሌ ሰዓሊ ጠፍቶባት አይደለም። ሰበካ ጉባኤው የሚፈልገው አንዱን ብቻ ስለነበረና ሰውየው ከሌላ ደብር ሥራ እስኪያርፍ ስለተጠበቀ ነው።

ሥራውን ከዚያ በፊት አውቀው ነበር። ባሌ በሞተ ጊዜ ሰሜን አካባቢ ባለ አንድ ደብር እሱ የሣላት እመቤታችን ፊት ቆሜ አልቅሻለሁ። ዘመድ ጎረቤቱ «አይዞሽ» እያለኝ ያልተጽናናሁት ሰው፣ እዚያ ቆሜ ትንሽ ቀለል አለኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሥራውን ንቃ ነው የሚል እንዳይኖር ነው። ሥራው ያምራል። ዓይነ ስውር እንኳ በእጁ ዳስሶ ያምራል ይላል።

እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ፤ መቀሌ የገባሁት በትዳር ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ትምህርት በአማርኛ ስለነበር የምጽፈውም በዚያው ነው። የምንኖረው ሓድነት ሰፈር ነው፣ ከደብሩ ብዙም አይርቅም።

ቤተ ክርስቲያን የሚሥል ሰው ምሳውን ከምእመናን ቤት ይበላል። ሴቶቹ ተራ እንይዛለን፤ ተረኛዋ የጾሙን ወጥ ሠርታ በምሳ ዕቃ ታደርሳለች። በረከት ስለሆነ ማንም ተራውን አይለቅም፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ካልደረሰኝ ብለው የተኳረፉ ጎረቤታሞች አውቃለሁ። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ የኔን ተራ የምታደርሰው ልጄ ነበረች፣ ከኮሌጅ ስትመለስ።

ፈሪ ሰው ነኝ። ልጄ ሚኒባስ ስትሳፈር ታርጋውን አያለሁ። ከደረሰች ደውላ ካልነገረችኝ ሥራ አልሠራም። ማታ በሩን ቆልፌ ተነሥቼ ደግሜ እሞክረዋለሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግን ስልክ ጠብቄ አላውቅም።

አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን ሳይከፈት ይዛው ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና «አደይ፣ ከእንግዲህ ሌላ ሰው ያድርስ» አለችኝ። ልጄ «እናቴ» ብላ በአባቷ ቋንቋ፣ በትግርኛ ነው የምትጠራኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ፊትሽን ለአንዷ ቅድስት ልንደፈው ብሎ አስቀመጠኝ። ከዚያ በሩን ዘጋው።»

ከዚያ በኋላ የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። የሷ ነው።

ፖሊስ ጋ ሄድን። ማን አየ አሉን። ማንም። እንግዲያው ሰበካ ጉባኤው የሚለውን ሰምታችሁ ኑ ብለው መለሱን። ጉባኤው ከቅዳሴ በኋላ ከደብሩ ጀርባ ባለች ክፍል ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩ ሓወልቲ ሰፈር ካፌ ያለው፣ ጨዋ የሚባል ሰው ነው። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ብርጭቆ ውኃ ወደኔ ገፋ አደረገና፦

«ሓፍተይ» አለ፣ እህቴ ማለቱ ነው፣ «አንቺንም ልጅሽንም እናከብራለን።» «ግን ሰውየው ሌላ፣ ሥዕሉ ሌላ ነው። ንብ ነደፈችኝ ብሎ ማር የሚደፋ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ማሩን ድፉ አላልኩም። ሰውየውን ጠይቁት ነው ያልኩት።»

«ብንጠይቀው ጥሎ ይሄዳል። የሴቶቹ በር በኩል ያለው ግድግዳ ገና ነው። ማን ይጨርሰዋል? አንቺ ትጨርሺዋለሽ?»

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ነገር ለማብረድ የሚሳቅ ሳቅ ነው። ከጥግ አንድ ሽማግሌ «ይኼ ነገር በፊትም ዓዲግራት ሳለ ተወርቶበታል፣ ወሬ ሆኖ ቀረ» አሉ። እኔ ደነገጥኩ፤ ሌላ የደነገጠ ሰው ግን አላየሁም። ሁሉም የሚያውቀውን ነበር የተናገሩት። ቄሱም ቀበል አድርገው፣ በድለው ዝማሬያቸው ግን እስከ ዛሬ የሚዘመር ነገሥታት አሉ፣ እግዜር ከጭቃ ዕቃም ይጠጣል አሉ።

«አባቴ፣ እነዚያ ነገሥታት አልቅሰዋል ይባላል» አልኳቸው። «ይኼኛው መቼ አለቀሰ?»

ከሴቶቹ ወገን የተወከለችው፣ ተራ አከፋፋያችን፣ ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ «እናት፣ በጦርነቱ ስንቷ ምን ሆና ዝም ብላ ትኖራለች። ያንቺ እኮ ቆማ ትሄዳለች» አለችኝ። ይህን ያለችኝ ሴት የራሷ እህት ከነዚያ ዝም ካሉት አንዷ ናት።

እሱን አልጠየቁትም። እኔ ያልኩትን ግን ነገሩት።

በደብሩ ዓመታዊ በዓል ሥዕሉ ተመረቀ። ልጄ አልሄድም አለች፤ እኔ ሄድኩ፣ ካልሄድኩ መዋሸታችንን አመነች ይባላል ብዬ። በየግድግዳው ነጭ መጋረጃ ተሰቅሎ ነበር፣ ካህናቱ እየባረኩ አንድ በአንድ ገለጡት። ሰው እልል እያለ ተከተላቸው። በመጨረሻ ወደኛ፣ ወደ ሴቶቹ ወገን መጡ። እዚያ የተሣለው ሲኦል ነው።

እንደሚታወቀው በኛ ሥዕል ጻድቅ በሙሉ ፊቱ ይሣላል፣ ሁለት ዓይን አለው። ኃጥእ ፊቱን አዙሮ በጎኑ ይቆማል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይታይበታል። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ ይህን አይቶ ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ ይለያል።

መጋረጃው ሲወርድ እልልታው ጀመረና መሃል ላይ ተሰበረ። ከእሳቱ ዳር ልጄ ቆማለች። በጎኗ። ልጅ ሆና የቧንቧው ስሚንቶ ላይ ወድቃ ቅንድቧ ላይ የቀረው ስንጥቅ አለ። የተሸረፈው የፊት ጥርሷ አለ። አፏ ተከፍቷል፣ አንድ ሰይጣን ምላሷን በጉጠት ይዞ ይጎትታል። ሐሰተኛ ምስክር እንዲያ ነው የሚሣለው። በነጭ ግድግዳ ላይ እንዲያ አድርጎ እሷን የሚመስል ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። የመታወቂያዋ ፎቶ እንኳ ያን ያህል አይመስላትም።

ከኋላዬ አንዷ «ኣየ፣ እጅ ማለት ይኼ ነው!» አለች። ሌላዋ ዝም በይ አለቻት። ሦስተኛዋ ሳቋ አመለጣት።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሕፃናት ልጄ ስታልፍ ምላሳቸውን አውጥተው በሁለት ጣት ይይዙታል። ልጆች ናቸው፣ ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም ይባላል። የሱቋ ሴትዮ ግን ልጅ አይደለችም። ሳሙና ልገዛ ስሄድ «ልጅሽ ዕድለኛ ናት። እኛ ፎቶ ቤት ከፍለንም እንዲህ አይወጣልን» አለችኝ። ሳሙናውን ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። ልጄ ኮሌጅ የምትሄደው በጓሮው መንገድ ሆነ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ። ለትዳር ይጠይቃት የነበረ ልጅ ነበር፤ እናቱ መጥተው ሥዕሉን አይተው ሄዱ፣ እሱም መደወል ተወ።

ደግሜ ጉባኤው ፊት ቆምኩ። ይፋቅ አልኩ። የተባረከ ሥዕል አይፋቅም አሉኝ። ይሸፈን አልኩ። ሲኦልን የሸፈነ ሰው ሕዝቡን ያስታል አሉኝ። በር ላይ ተቀመጥኩ፣ ሳምንቱን ሁሉ፣ ነጠላዬን አንጥፌ፤ ምእመናን እያለፉ የኔ ቢጤ መስዬአቸው ሳንቲም ይጥሉልኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ሊቀ መንበሩ አፍሮ ነው መሰል ጠራኝ።

«እርቅ አግኝተንልሻል» አለ ደስ ብሎት። «ሰዓሊው ቅን ሰው ነው፣ ቂም የለኝም ብሏል። ጉጠቱን ያነሣዋል። ፊቷን ያዞርና ሁለተኛ ዓይን ይሰጣታል፣ ንስሐ የገባች ሴት አድርጎ ወደ ሰማይ ቀና ያደርጋታል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የዋሸችው ልጅ ተጸጸተች ሊባል ነው ማለት ነው።»

«ሁለት ዓይን ነው የምልሽ፣ ሓፍተይ። ስንቱ አንዱን አጥቷል። ግን ፊቷን ሙሉውን አይቶ ስለማያውቀው ለአንድ ቀን መጥታ ትቀመጥለት።»

አይቶ ስለማያውቀው አለ። ቃሉን ያዝኩት። ወደ ቤት ሄጄ ለልጄ ነገርኳት፤ መንገር አልነበረብኝም የሚል ካለ፣ ሌላ ሰው ቢነግራት ይብስ ነበር። ሩዝ እየለቀመች ነበር። መልቀሟን ሳታቆም «ልቀመጥለት?» አለች። ከዚያ ከትከት ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር፣ ያ ሳቅ ግን ባይመጣ ይሻለኝ ነበር።

አትመጣም ብዬ ነገርኳቸው። እሱም ችግር የለም አለ ተባለ፤ በቃሌ እሠራዋለሁ አለ።

ሲጨርስ እርቁን ሕዝብ ይየው ተብሎ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ልጄን ይዤ እንድመጣ ጠየቁኝ። አልሄድም ትላለች ብዬ ነበር። «እሄዳለሁ። ይብቃ» አለች። ሄደችም፣ ግን ሥዕሉን አላየችም፤ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች። እኔ አየሁ።

አሁን ሙሉ ፊት ነው። ሰይጣኑ ጠፍቷል። ልጄ እጆቿን ዘርግታ ሽቅብ ታያለች፣ ሁለቱም ዓይኖቿ እስከ ላይ ተገልብጠው። በግራ ዓይኗ ነጩ ላይ፣ ከታች በኩል፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ አለች።

ያቺ ነጥብ የልጄ ናት። ታችኛው ቆብ ይሸፍናታል፤ ቆማ ስታወራ፣ ተቀምጣ ስትበላ አትታይም። የምትታየው ሽቅብ ስታይ ነው፣ ያውም ከላይዋ ሆኖ በጣም ለቀረባት ሰው። እኔ ያወቅኋት ሳጠባት ነው።

ካህናቱ ፊት እንዲህ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። «ፊቷን አላየውም ብላችሁኛል» አልኩ። «ይህን ነጥብ የት አየው? በጎኗ ቆማ አየው? ምሳ ዕቃ ስታቀብለው አየው? ይቺ ነጥብ የምትታየው ከላይዋ ለሆነ ሰው ነው።»

ሊቀ መንበሩ ወደ ሥዕሉ ቀረበና አየ። ከዚያ ልጄን አየ። «ውነት አለሽ?» አለ፣ እኔን ሳይሆን እሷን።

ልጄ ወደኔ ዘወር አለች። ፊቷ ላይ ያየሁት ተስፋ ነበር። ነጠላዋን ከፊቷ አወረደችና «እዩ» አለች።

ተራ አከፋፋያችን መጀመሪያ ቀረበች። አገጯን ይዛ ወደ ላይ አቀናቻት፣ የስልኳን ባትሪ አብርታ ዓይኗ ውስጥ ያዘችው። «በይ ሽቅብ እይ። ትንሽ ጨምሪ። እህ፣ አለ።» ከዚያ ሌላዋ አየች፣ ከዚያ ሌላዋ። የሱቋ ሴትዮም አየች። ሁሉም አገጯን እየያዙ፣ ልጄን አንዴ፣ ግድግዳውን አንዴ። መብራቱ ዓይኗን አስለቀሰው፣ እሷ ግን አልጨፈነችም። ካዩ ያምናሉ ብላ ነበር። እኔም ብዬ ነበር።

አዩ። አመኑም። ይህን በፊታቸው ላይ አይቻለሁ፣ ማንም አላየሽም ሊለኝ አይችልም። ከመሃላቸው አንዲትም «እህ፣ እንዴት አወቀው?» ያላለች አልነበረችም፣ በሆዷ።

በአፏ የተናገረችው ግን ተራ አከፋፋያችን ናት። ባትሪውን አጠፋችና ወደ ግድግዳው ዞራ ራሷን ነቀነቀች።

«ሳያያት እንዲህ ከሠራ» አለች፣ «ቢያያት ምን ሊሆን ነው። ጸጋ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።»

«ጸጋ ነው» አለ ሊቀ መንበሩ ቶሎ ብሎ። ቄሱ መስቀላቸውን ለተሳላሚ ዘረጉ። ሴቶቹ መስቀሉን ተሳልመው ወደ ጸበሉ ሄዱ። በዚያው ሳምንት መስተዋት ሠሪ ተጠርቶ ሥዕሉ ላይ መስተዋት ተገጠመበት፣ እጅ እንዳይነካው።

ከልጄ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘን ወደ ቤት ተመለስን። ዓይኗ አሁንም ያነባ ነበር። ወደ ሰፈር ስንታጠፍ ቆም አለች።

«አደይ፣ ነጥቡ እውነት አለ?»

«አለ።»

«በመስታወት አይቼው አላውቅም።»

«ሽቅብ እያየሽ ራስሽን ማየት አትችይም።»

ትንሽ ሄድን።

«ስለዚህ የምታውቁት አንቺና እሱ ናችሁ» አለች።

ይህን ብላ ክንዷን ከክንዴ አወጣች።