በፍሊት የተቀባችው ኤንትሬ

ልጅ እያለሁ መኪና ቀብቼ ነበር። ልጅ እያለሁ ስል አርባ አራት ዓመቴ ነበር፤ ባለቤቴ ጫልቱ ግን ያን ሰሞን ከልጅነቴ ጋር ደምራ ነው የምትቆጥረው፤ እኔም መከራከሩን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ዋናው ልጅነቴማ እንጨት ስሸከም አለቀ። እጅን በቀለም መለቅለቅ፣ ልብስ ማበላሸት፣ ጎረቤት አስቆጥቶ ከበር ጀርባ መሳቅ የሚባለውን ሁሉ ያገኘሁት ጺሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ መቱ ውስጥ፣ በገዛ ግቢዬ ነው። ዛሬም የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ ሌላው ሰው የእናቱ ቤት ትዝ እንደሚለው፣ እኔን አንዲት አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ትዝ ትለኛለች።

የእኔ ዘመን ሰዎች ኤንትሬን ታውቋታላችሁ። የሶር ወንዝን ዳገት ስትወጣ ከሩቅ በድምጿ ብቻ ማን እንደሚነዳት እንለይ ነበር። የእኔዋ በደሌ አንድ ጋራዥ ጓሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆማ፣ ሐረግ በአንዱ መስኮቷ ገብቶ በሌላው ወጥቶ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት የሰው መኪና ከነዳሁ በኋላ የራሴ ያልኳት እሷን ነው። ሞተሯን ራሴ ፈትቼ ራሴ ገጠምኩት፤ ተነሣች። መልኳ ግን አብሮ አልተነሣም። ሊብሬዋ ላይ «ቀለም፦ ሰማያዊ» ተብሎ ተጽፏል፤ እሷ ላይ ሰማያዊ ለማግኘት ግን በሯን ከፍቶ ማጠፊያው ሥር መፈለግ ያስፈልግ ነበር። የቀረው ዝገት ነው። ዝናብ ሲመታት ቀይ ውሃ ስለምታወርድ፣ ጫልቱ ልብስ በምታሰጣበት በኩል እንዳላቆማት ከልክላኝ ነበር።

ለዓመቱ ምርመራ የወሰድኳት ቀን መርማሪው ገመቹ ዞራት፣ ደግሞ ዞራትና ሊብሬውን መለሰልኝ። ልጅ እግር ነው፣ ግን ጨዋ። «ጋሼ በቀለ፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ ፍሬኑም ደህና ነው። ግን ይቺ መኪና ቀለም የላትም። በስምንት ቀን ውስጥ ሊብሬው እንደሚለው ሰማያዊ ሆና ካልመጣች ታርጋዋን እንፈታለን። ምን ላድርግ፣ ደንብ ነው» አለኝ።

ስምንት ቀን። ወሩ መጋቢት ነው። ያዮ ያሉት መጋዘኖች በጀንፈል ቡና ጢም ብለዋል፤ ዋናው ዝናብ ከገባ ያ መንገድ ጭቃ ሆኖ ይዘጋል። እስከዚያ ካልጫንኩ ዓመቱ አመለጠኝ ማለት ነው። ዓመቱ ካመለጠኝ ደግሞ ተመልሼ የቀድሞ አሠሪዬን ደጅ ልጠና፣ «ጌታዬ፣ ቁልፉን ይስጡኝ» ልል ነው። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። እኔ ግን አንዴ በራሴ መሪ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ወደዚያ ደጅ የሚወስድ እግር አልነበረኝም።

በከተማው መኪና የሚቀባ ባለሙያ ሸረፋ ብቻ ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ ክልሉ ገና አዲስ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የጤና ጣቢያው ሰሌዳ ሁሉ በኦሮምኛ፣ በቁቤ፣ እንደገና እየተጻፈ ነው። ሸረፋ መሰላሉን ተሸክሞ ዛሬ መቱ፣ ነገ ኡካ፣ ከነገ ወዲያ ኖፓ ነው። እድሌ ሆኖ እዚያው የምርመራው ቢሮ በር ላይ፣ መሰላል ላይ ቆሞ የቢሮውን ሰሌዳ ሲቀባ አገኘሁት።

«ሸረፋ፣ ኤንትሬዬን ቀባልኝ» አልኩት ከታች።

«ከሁለት ወር በኋላ፣ ጋሼ።»

«ያለኝ ስምንት ቀን ነው።»

«እንግዲያው ይጸልዩ።»

«ራሴ እቀባታለሁ።»

መሰላሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ ነው። «ጋሼ፣ አምና አጥርዎን ቀብተው በጉ አረንጓዴ ሆኖ አልነበር እንዴ የሰነበተው?»

እውነቱን ነው፤ ግን የተጠጋው በጉ ነው። ሸረፋ ስቆ ሲያበቃ አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ከሰሌዳው የተረፈውን ግማሽ ጣሳ ሰማያዊ አወረደልኝ። «ይቺን ይውሰዱ። ከተማው ውስጥ ሌላ ሰማያዊ አያገኙም፣ ሰሌዳ ጨርሶታል። ሦስት ነገር ብቻ ይፍሩ፤ አቧራ፣ ውሃና ነፍሳት» አለኝ። እኔ ሁለቱን ፈራሁ።

ግማሽ ጣሳ ቀለም ለኤንትሬ አንድ በር እንኳ አይሸፍንም። ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ያገኘሁት ሁለት ጣሳ ነጭ፣ አንድ ጣሳ የበር አረንጓዴ፣ አንድ ደግሞ ባለሱቁ «ይሄም ሰማያዊ ነው፣ ትንሽ ጨልሞበት ነው» ያለኝ ጥቁር የሚመስል ነገር ነው። ሁሉንም ከሸረፋ ጣሳ ጋር ግማሽ በርሜል ውስጥ ገለበጥኩና በረጅም እንጨት አማስል ጀመር። ጫልቱ መጥታ አንገቷን አሰገገች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰማያዊ።»

«ገና አልበሰለም» ብላኝ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ በሰለ። ዝናብ ሊጥል ሲል ከሶር ማዶ ያለው ጫካ የሚይዘውን መልክ ያያችሁ ሰዎች፣ እሱን ነው የመሰለው። ሌላው ሰው ሰማያዊ ይበለው አይበለው አላውቅም፤ እኔ ብዬዋለሁ።

አራት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ዝገት ፋቅሁ። ጣቴ ተላጠ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ምላሴ ላይ ሳይቀር ብረት ብረት ይለኝ ነበር። መስኮቶቿን በአሮጌ ጋዜጣ ሸፈንኩ። ቀለም መንፊያ መሣሪያ የለኝም፤ በወባ ሰሞን የትንኝ መድኃኒት የምንረጭበት ፍሊት ግን ነበረን። ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥኜ እሱ ውስጥ ሞላሁት። እጀታውን ገፋ ገፋ ሳደርገው ተፍ ይላል፤ ሦስቴ ተፍ ካለ በኋላ ይደፈናል፤ በመርፌ ልከፍተው ስጠጋ ፊቴ ላይ ተፍ ይላል። ግቢው ሁሉ አኳራጅ አኳራጅ ሸተተ። ጫልቱ «ዛሬ ሰማዩ አላማረኝም፣ ነገ ብታደርገውስ?» ብትለኝም፣ ሸራ ከጣራው እስከ አጥሩ ወጥሬያለሁና «ውሃን አስቤበታለሁ» አልኳት በኩራት።

ያን ቀን ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ የመጀመሪያውን በር ጨርሼ ወደኋላ ሦስት እርምጃ ሄጄ አየኋት። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ስንት የሰው መኪና አጥቤያለሁ፣ ስንቱን ወልውያለሁ። ይቺ በእጄ መልክ እያወጣች ያለችው ግን የእኔ ናት። ደርቆ እንደሆነ ሳላይ መቆየት አላስችል አለኝና በሯን ከፍቼ፣ ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ወርዶ በተጠራቀመበት ቦታ አውራ ጣቴን ተጫንኩት። አልደረቀም። የጣቴ ጉድጓድ እዚያው ቀረ። የአራት ዓመት ልጅ የሚሠራው ሥራ ነው፤ እኔ አርባ ብቻ ነበር የጨመርኩበት።

ቀብቼ እንደጨረስኩ ዝናቡ መጣ። ሸራው አንድ ጠብታ አላሳለፈም። ሩብ ሰዓት ዘንቦ አባራ፣ ጸሐይ ወጣች፤ እኔም በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ሸረፋን በሐሳቤ መስደብ ጀመርኩ። መቱ ተወልጄ፣ መቱ አድጌ፣ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ጸሐይ ስትወጣ ከመሬት ምን እንደሚፈላ ረስቻለሁ። አሸን። ክንፋሙ አሸን ከአጥሩ ሥር እንደ ጢስ ተነሣና ከመላው ቀበሌ መርጦ እርጥብ ኤንትሬዬ ላይ ሰፈረ። በአንድ አፍታ በሩ ሁሉ የሚርገፈገፍ ክንፍ ሆነ። ጫልቱ ወጥታ አየችና «ያ ዋቅ፣ የአምላክ ያለህ» ብላ አፏን ያዘች።

ይሄ ሳያንስ ዶሮዎቹ መጡ። የእኛ ሦስቱ፣ የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ሁለቱ። አሸን ለዶሮ ድግስ ነው፤ መኪናዬን ዙሪያዋን ይለቅሟት ገቡ። እየዘለሉ ይለቅማሉ፣ እኔ ወዲህ ሳባርር በወዲያ ይዞራሉ። ቆይቶ እትዬ አስካለ አንዷን ብብታቸው ሥር ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። የዶሮዋ አፍ እስከ ዓይኗ ሰማያዊ ነው።

«ጋሼ በቀለ፣ ዶሮዬ ምን ሆነች?»

«ተቀባች።»

«ማን ቀባት?»

«ራሷ ናት፣ እትዬ። እኔ የቀባሁት መኪና ነው።»

«እንቁላሏስ?»

«ሰማያዊ ከሆነ ይላኩልኝ፣ ቀለም አንሶኛል።»

ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ሳምንት ሰላምታ ነሡኝ፤ ይገባኛል። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ቀልዱ አለቀብኝ። የቀረኝ ሁለት ቀን ነው፤ በርሜሉ ውስጥ የቀረው ቀለም አንድ ፍሊት አይሞላም። የመኪናዋ መርገጫ ላይ ቁጭ ብዬ የአሠሪዬን ደጅ አየሁት፤ በሩን፣ ውሻውን፣ ቁልፉ የሚሰቀልበትን ምስማር ሳይቀር። አሸኑን በጣቴ ልለቅም ስነሣ ጫልቱ እጄን ያዘችኝ።

«ተወው። እርጥብ ላይ ከለቀምከው ቀለሙም አብሮ ይነሣል። ይድረቅ። ጀንፈል ሳይደርቅ ትፈለፍላለህ እንዴ?»

«ባይለቅስ?»

«ያኔ እኔም አብሬህ አለቅሳለሁ። አሁን ግባና ፊትህን ታጠብ፣ ከዶሮዋ አትለይም።»

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ደረቀ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ሁለታችን በመጥረጊያ ጠረግናት። ገላቸው ሁሉ ረገፈ፤ ክንፋቸው ግን ቀረ። ቀለሙ ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ቀጭን መስታወት ተለጥፎ ቀረ። የተረፈችውን ቀለም በላዩ ስስ አድርጌ ረጨሁ። ጸሐይዋ ከፍ ስትል ኤንትሬዬ ከግንባሯ እስከ ስፖንዳዋ ብልጭ ብልጭ አለች። ጫልቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻትና «አሁን ልብስ ማሰጫው አጠገብ ማቆም ትችላለህ» አለችኝ።

ምርመራው ቢሮ ስደርስ ገመቹ እየዞረ አያት፤ ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ በሩን ነካ። «ማሊ ኩኒ?» አለ በኦሮምኛ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«የሚያብለጨልጭ ቀለም ነው» አልኩት።

«ከየት የመጣ?»

«ከመሬት።» አልዋሸሁም።

ሊብሬውን ገልጦ እሷን አየ፣ እሷን አይቶ ሊብሬውን አየ። «ጋሼ፣ ይሄ ግን ሰማያዊ ነው?»

አፌ ከድቶኝ አያውቅም። ከበሩ በላይ የተሰቀለውን አዲሱን የቢሮ ሰሌዳ አሳየሁት። «የእኔ ቀለም የወጣው ያ ከተቀባበት ጣሳ ነው፤ ሸረፋን ጠይቅ። የናንተ ሰሌዳ ሰማያዊ ካልሆነ የእኔም አይደለችም። ሁለቱንም አብረን እናስወርዳቸዋለን።» ስለ ሌሎቹ አራት ጣሳዎች የጠየቀኝ ሰው የለም።

ገመቹ ሰሌዳውን አየ። ገባ፣ አለቃው ወጥተው እሳቸውም ሰሌዳውን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ ገቡ። ገመቹ ብቻውን ሲመለስ ከንፈሩን ነክሶ ነበር። ወረቀቴ ላይ ማኅተሙን መታና «መልካም መንገድ» አለኝ። መሪዬን ጨብጬ ልነሣ ስል መስኮቱን አንኳኳ። «በሚቀጥለው ዓመት ግን ዶሮዎቹን ያስሯቸው። ከተማው ሁሉ ወሬው እሱ ነው።»

በዚያው ሳምንት ያዮ ጀንፈል ጫንኩ። ጫካው መሐል ጸሐይ በቅጠል መካከል ስትወርድባት መንገደኛው ቆሞ ያያት ነበር። «ባለክንፏ» አሏት። ዝናቡ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ ከያዮ በደሌ ተመላለስኩ፤ የማንንም ደጅ አልጠናሁም። ሸረፋ አንድ ቀን መናኸሪያ አግኝቶኝ፣ ሰላም ሳይለኝ ዙሪያዋን ዞሮ፣ «ያን የሚያበራውን ከየት አገኙት?» ሲል ጠየቀኝ። «የሙያ ምሥጢር ነው» አልኩት። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ጉልበቴ ፍሬን መርገጥ ሲያቅተው ሸጥኳት። ባለፈው ወር ለለቅሶ ኖፓ ሄጄ መንገድ ዳር ቆማ አየኋት። አሁን ነጭ ናት። ዛሬ መኪና የሚቀባው በር ተዘግቶ፣ በመንፊያ ማሽን፣ ዶሮ በማይደርስበት ነው፤ እንደ ሳህን ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፣ ማን እንደቀባው ግን አይታወቅም። ሾፌሩን ለምኜ በሯን አስከፈትኩት። ውስጠኛው ጠርዝ ላይ የእኔ ሰማያዊ አለ፤ የጣቴ ጉድጓድም አለ። አውራ ጣቴን አስገባሁት። ልክ ነው።

«ምን ፈለጉ፣ አባባ?» አለኝ ሾፌሩ። «እሱ ቀለም እምቢ አለን። ቀቢው ፍቆ ፍቆ ሰለቸውና ተወው። የድሮ ባለሙያ እጅ ነው አለ።»

እንደ አንድ የተከበረ ሽማግሌ ዝም ብዬ ልሄድ አስቤ ነበር። አልቻልኩም። ከፍሊቱ ጀምሬ እስከ እትዬ አስካለ ዶሮ ድረስ ስነግረው የመቱ መኪና ጥሎኝ ሄደ።

ዘግይቼ ቤት ስገባ ጫልቱ ምክንያቱን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። «መቼ ነው የምታድገው፣ አንተ ሰውዬ?»

አውራ ጣቴን አሳየኋት። «ዛሬ ለክቼዋለሁ» አልኳት፣ «ያው ነው፤ ምንም አላደገም።»