የአንድ ደቂቃ ዝምታ

የቪዲዮ ቀረጻ ትምህርት የጀመርኩት ካዛንቺስ የነበረው ግቢያችን ሊፈርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ከኮርሱ ብዙውን ረስቼዋለሁ። አንዱ የቤት ሥራ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የምንማረው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። ካሜራው አንድ፣ ተማሪው ብዙ። አንድ ቀን አስተማሪያችን፣ «ከየቤታችሁ የአንድ ደቂቃ ዝምታ ቀርጻችሁ አምጡ» አለን። ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

«እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ዝምታ አለው» አለ። «የቀረጻችሁትን ንግግር ቆርጣችሁ ስትቀጣጥሉ ክፍተቱን የምትሞሉት በእሱ ነው።»

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ከገባ አይለቀኝም። የእኛ ግቢ ዝምታ ምን ዓይነት ይሆን እያልኩ ሳስብ የታክሲ መውረጃዬን አለፍኩ።

ችግሩ፣ ግቢያችን ዝምታ የሚባል ነገር አልነበረውም። በር ለበር የሚኖሩት እትዬ ሙሉና እትዬ ጌጤ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። እትዬ ሙሉን ከጠየቃችሁ ጠቡ በልብስ ማስጫ ገመድ ነው፤ እትዬ ጌጤን ከጠየቃችሁ በሰርግ ጥሪ። አንዳቸው የሌላኛቸውን ድምፅ ላለመስማት ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ ሌላኛቸው ደግሞ አስጩኸው ይመልሳሉ። አባቴ ሽማግሌ ይዞ ሞክሮ አልሆነለትም። «አንዷ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ልትገባ፣ ሌላዋ የት እንደምትወድቅ እንጃ። እዚሁ ካልታረቁ ተኳርፈው መቅረታቸው ነው» እያለ ይብሰለሰል ነበር።

የካሜራው ተራ ሲደርሰኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው መሀል በርጩማ ላይ አስቀመጥኩትና እትዬ ሙሉ በር ላይ ቆምኩ።

«እትዬ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ሬዲዮውን ይዝጉልኝ።»

«እሷ ስትዘጋ እዘጋለሁ።»

እትዬ ጌጤም ያው ናቸው። «መጀመሪያ ያቺ ትዝጋ።»

በቃ፣ ቪዲዮ ልማር ሄጄ አስታራቂ ሽማግሌ ሆኜ አረፍኩት። ስመላለስ ያየኝ አባቴ ከደጃፉ ላይ፣ «እኔ እቆጥራለሁ፤ ሦስት ስል ሁለታችሁም» አላቸው። ቆጠረ። እውነትም ዘጉ። እኔም ወደ ካሜራው ሮጬ ቀረጻውን አስጀመርኩና የጆሮ ማዳመጫውን፣ ኸድፎኑን፣ አጠለቅኩ።

ከዚያ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር፣ የአንድ ደቂቃ ዝምታ ሲባል የሚያውቀው በስብሰባ ላይ የሚደረገውን የኅሊና ጸሎት ነው። ሁለቱ ሴቶችም እሱን አይተው በየበራቸው ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

እትዬ ሙሉ በሹክሹክታ፣ «ማን ሞተ?» አሉ። በእጄ ዝም አሰኘኋቸው።

በኸድፎኑ የምሰማው ገረመኝ። ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲነካው ይንጣጣል። ከሩቅ የታክሲ ረዳት ይጣራል። እዚያው ተወልጄ አድጌ ይህን ሁሉ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ድንገት እትዬ ጌጤ አስነጠሱ። የጎረቤቱ ግቢ እየፈረሰ ስለነበር አቧራው አያድርስ ነው።

«ይማርሽ» አሉ እትዬ ሙሉ።

አምልጧቸው ነው። ወዲያው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አባቴ እንዳቀረቀረ በዓይኑ ብቻ ያያል። ዝምታው ተበላሽቷል፤ ቀረጻውን ላቁም አላቁም ጨነቀኝ። ግን ምን እንደሚከተል ለማወቅ ጓጉቼ እጄን ሰበሰብኩ። የእትዬ ጌጤ ትንፋሽ በኸድፎኑ ይሰማኛል። ለካ የቱንም ያህል ቢኳረፉ፣ ይማርሽ ተብሎ ዝም አይባልም።

«ያኑርሽ» አሉ ቀስ ብለው።

ደቂቃው አለቀ። ሬዲዮ የከፈተ ግን አልነበረም።

«አቧራው ነው፤ በርሽን ዝጊ እንጂ» አሉ እትዬ ሙሉ።

«ብዘጋውስ መች ይቀራል ብለሽ» አሉ እትዬ ጌጤ። አባቴ በዓይኑ «ወደ ቤት ግቢ» ብሎ ጠቀሰኝና ራሱም ተከትሎኝ ገባ።

አስተማሪዬ ቀረጻውን ሰምቶ፣ «ይሄ ዝምታ አይደለም፣ ደግመሽ አምጪ» አለኝ። ታሪኩን ስነግረው ኸድፎኑን መልሶ አጠለቀ። «ደግመሽ አምጪ። ይሄን ግን እንዳታጠፊው» አለ። ከየት አባቴ ላምጣ? ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ሴቶች የዓመታቱን ወሬ ሊጨርሱ ተቀምጠው፣ ግቢው አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ አያውቅም። የቤት ሥራውን ሳላስረክብ ቀረሁ።

ግቢው ፈረሰ፤ እነሱ ግን ሲጠያየቁ ኖሩ። ባለፈው ዓመት እትዬ ጌጤ አረፉ። ለቅሶ ቤት ሳገኛቸው እትዬ ሙሉ፣ «ያ የቀረጽሽው ነገር አለ?» አሉኝ። ወደ ስልኬ ገልብጬው ነበር፤ አጠገባቸው ተቀምጬ ከፈትኩላቸው።

ቧንቧው ጠብ ጠብ አለ። እትዬ ጌጤ አስነጠሱ። እትዬ ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልክ ከራሳቸው የድሮ ድምፅ ጋር እኩል፣ «ይማርሽ» አሉ።

ከዚያ ዝም ብለን ጠበቅን።

«ያኑርሽ» አሉ እትዬ ጌጤ ከስልኩ ውስጥ።

ዛሬ እንጀራዬ ቪዲዮ ነው። ሥራ ቦታ ሁሉ የአንድ ደቂቃ ዝምታ እቀርጻለሁ፤ ሰው ቢያስነጥስ ግን ካሜራውን አላቆምም።