ያልሰመረ ስእለት ይዤ ወደ መካነ ሰላም

ጥር 20፣ ንጋት፤ ደሴ

መናኸሪያ ስደርስ ገና አልነጋም። የብርዱ ነገር አይወራም። የወረኢሉ፣ የአቀስታ፣ የመካነ ሰላም ረዳቶች በጋቢ ተጀቡነው አፋቸው ብቻ ወጥቶ ይጮኻሉ። በትከሻዬ ቦርሳ አንግቻለሁ፤ በእጄ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ ጥላ ይዣለሁ። የዝናብ ጥላ አይደለም። ቀይ ከፋይ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ለታቦት የሚዘረጋ የስእለት ጥላ ነው።

ጉዳዩን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ አማረ ሳውዲ ልግባ ብሎ በጅቡቲ በኩል ወጣ። «ዛሬ ማታ ባሕሩን እንሻገራለን» ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። እናቴ «ድምፁን አሰሚኝና ጥላ አገባልሻለሁ» ብላ ለሰፈራችን ማርያም ተሳለች። ክረምቱ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ ገናና ጥምቀትም አለፉ፤ ስልክ የለም። ባለፈው ሰሞን ግን እናቴ ደወለችና «ጥላውን ገዝተሽ ለአስተርእዮ ማርያም ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ።

«አማረ ደወለ እንዴ?»

«አልደወለም። አንቺ ብቻ ነይ» ብላ ዘጋችው።

እኔ የምሠራው እዚሁ ደሴ ፋርማሲ ውስጥ ነው። እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ ለራሴ ግን እንቅልፍ ካየሁ ሰነበትኩ። ጸሎትም አልሆነልኝም። አባታችን ሆይ እጀምርና «ፈቃድህ ትሁን» የምትለዋ ጋ ስደርስ ዘልያት አልፋለሁ። አሁን ደግሞ የእናቴ ነገር ተጨመረበት። ያልሰመረ ስእለት የሚያስገባ ሰው አይቼ አላውቅም። ወይ አእምሮዋ ተነክቷል፣ ወይ በልቧ ልጇን ቀብራዋለች። አንዱንም ለመስማት አልተዘጋጀሁም።

ረዳቱ ጥላውን ከእጄ ሊነጥቅ መጣ። «እህቴ፣ ይሄ ከላይ ይጫናል።»

«አይጫንም። የማርያም ጥላ ነው።»

ፊቱ በራ። «እንኳን ሰመረልሽ! ግቢ ግቢ፣ ከፊት ነው የምትቀመጪው!» ብሎ የሌላ ሰው ዘንቢል አንስቶ ቦታ ለቀቀልኝ።

«አሜን» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? በአገራችን የስእለት ጥላ ይዞ የሚሄድ የተደሰተ ሰው ነው።

ረፋድ፤ ከጉጉፍቱ በላይ

መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ጆሮ ይደፍናል። ውርጩ ሜዳው ላይ ተነጥፎ አድሯል። ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየደጁ ቆሟል፤ የሱፍ ባና የተከናነቡ ሰዎች በፈረስ ያልፋሉ። ፍተሻ ላይ አስወረዱን። ጠመንጃ ያነገተው ልጅ ላስቲኩን በጥርጣሬ ገለጥ አደረገና ዘርፉን ሲያይ እጁን ሰበሰበ። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። እኔም ልማዴን አሜን አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ መቁጠሪያቸውን የማይለቁ አሮጊት ናቸው፤ እማማ ዘሀራ ይባላሉ። ከደሴ ሀኪም ቤት ዓይናቸውን ታይተው መመለሳቸው ነው። ያ የታመመ ዓይን ግን ጥላዬን ለማየት አልሰነፈም።

«አጀብ! ማርያም እኮ ታደርጋለች። የኔም ልጅ ምጥ ጠንቶባት ማርያምን ጠርተን ነው የተገላገለች። ለምን ነበር ስእለቱ?»

«እናቴ ናት የተሳለችው። ወንድሜ በየመን ባሕር ሄዶ ድምፁ ጠፍቶ...»

ከዚህ በላይ አልተናገርኩም። አላስጨረሱኝም። «ተገኘ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «ስሙኝማ! ባሕር የበላው ልጅ ተገኘ!»

ሚኒባሱ በእልልታ ተናጋ። ሹፌሩ ክላክሱን ነፋው። ከኋላ ያለ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ እንደ ሙሽራ አንገቴን ደፍቼ ቁጭ አልኩ። «አይ፣ ተሳስታችኋል» ለማለት አፌን ስከፍት ሌላ እልልታ ይመጣል። ደስታቸውን ማን ይንጠቃቸው? ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ለጥቂት ጊዜ እኔም አመንኳቸው። አማረ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ታየኝ።

እልልታው ሲበርድ እማማ ዘሀራ እጄን ጨበጡኝ። «የልጄ ልጅም በዚያው ባሕር ነው የሄደ። ሰይድ ይባላል። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። ወንድምሽ ሲደውል ጠይቂልኝ፤ ማን ያውቃል፣ አብረው ይሆናሉ። አደራሽን።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ድንጋይ፣ ጅብራ፣ ጭስ የሚወጣው ጎጆ።

ቀትር፤ አቀስታ

የገበያ ቀን ነው፤ በግ፣ ድንች፣ ጨው፣ የላስቲክ ጫማ መንገዱን ዘግቶታል። ምግብ ቤት ገባን። የእስላም ሥጋ የክርስቲያን ሥጋ ጣጣ እንዳይመጣ ከእማማ ዘሀራ ጋር አንድ ሽሮ አዘዝን። አንድ ጉርሻ አልወርድ አለኝ።

«እማማ፣ ወንድሜ አልደወለም» አልኳቸው።

የጠቀለሉትን እንጀራ ትሪው ላይ መለሱት። «ታዲያ ጥላው?»

«እናቴ ናት አምጪ ያለችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።»

«ያ ሁሉ ሰው እልል ሲል ዝም አልሽ?»

«አፈርኩ።»

«ባታፍሪ ይሻል ነበር ልጄ። ልቤ ሳውዲ ድረስ ሄዳ ነው የተመለሰች።»

እንባዬ መጣ። እሳቸው አላለቀሱም። ሻይ ሲመጣ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ሞቁት። በኋላ «በይ አብሽሪ» አሉኝ። «እናት ዝም ብላ አታደርገውም። ነገ ስትጸልዩ የሰይድን ስም አንሱልኝ። እኔም ዱአ ሳደርግ የናንተን አነሳለሁ። ማን አልሽኝ ስሙን?»

«አማረ።»

«አማረ» አሉና አንድ ፍሬ ከመቁጠሪያቸው ሳቡ።

የከላላን መኪና የሚጠብቁት እዚያው ነበርና ተሰነባበትን። ለረዳቱም ነገርኩት። ጭንቅላቱን አከከና «እኛ ነን የቸኮልን» ብሎ ለሹፌሩ ሹክ አለው። ከዚያ በኋላ ሙዚቃ አልከፈቱም።

ከሰዓት፤ መካነ ሰላም

አቧራ፣ ጎድጓዳ፣ ደግሞ አቧራ። በስተምዕራብ የዓባይ በረሃ ጭጋግ መስሎ ይታያል። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኬን አያለሁ፤ ሲጠፋም አያለሁ። ከተማው ስንገባ የያዘኝ ባጃጅ ነጂ ገና ሳልቀመጥ «እንኳን ሰመረልሽ!» አለኝ።

«አልሰመረም» አልኩት፤ ደከመኝ።

በመስታወቱ አየኝ። «ታዲያ ቅድሚያ ክፍያ ነዋ!»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። አስፋልቱ ላይ አውርዶኝ በእግሬ ወደ ሰፈራችን ወረድኩ። እናቴን በምን ሁኔታ አገኛት ይሆን?

እናቴ ደጁን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አጥባ አስጥታ፣ ለነገ ዳቦ አቡክታ አገኘኋት። ከስታለች። ዓይኗ ግን የማውቀው ዓይኗ ነው። ጥላውን ፈታ ዘርፉን በጣቷ አበጠረችው። እኔ ግን አላስችል አለኝ።

«እማ፣ ተስፋ ቆረጥሽ?»

«ጥላውን ከጭሱ አርቂልኝ።»

«እማ!»

«ነገ እናገራለሁ። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አላወራም» ብላ ዳቦዋን ጋገረች። የእማማ ዘሀራን አደራ ስነግራት ብቻ እጇን አቆመች። «ሰይድ» አለች ቀስ ብላ፣ እንዳይጠፋባት።

ጥር 21፤ ማርያም

ግቢው በነጭ ነጠላ ሞልቷል። ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ የቀሳውስቱ ካባ። ታቦቷ ዑደት አድርጋ ስትቆም የስእለት ተራ ሆነ። ድምፅ ማጉያ የያዙት ቄስ እየተቀበሉ ያውጃሉ፦ መካን የነበረች ልጅ ወልዳ ጧፍ፣ ከአልጋ የተነሣ ሰው መጋረጃ። በእያንዳንዱ እልልታ ይቀልጣል። እናቴ ጥላዋን ይዛ ተጠጋች። እኔ ከኋላዋ ነኝ።

ቄሱ ታሪኳን ያውቃሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጥላውን ሲያዩ እንደ ሚኒባሱ ሰዎች ሆኑ። «ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ጠፍቶ የነበረው ልጃቸው ተገኝቶላቸው ይህን ጥላ ለእመቤታችን...»

እልልታው አላስጨረሳቸውም። እናቴ እጇን አነሣች። «አባ፣ አልተገኘም።»

አጠገቧ ያሉት ዝም አሉ፤ ዝምታው ወደ ኋላ እየሄደ ግቢው ጸጥ አለ። ቄሱ ግራ ገብቷቸው ማጉያውን ወደ እሷ አዘነበሉት።

«ድምጡን አሰሚኝ ብዬ ነበር የተሳልኩ። አልሰማሁም» አለች። «ግን እሷ ታውቃለች፤ ጨርቄን ልጥል ነበር። ገመድም አስቤ አውቃለሁ፤ ይቅር ትበለኝ። ሌሊት ሌሊት ስጠራት ነጋልኝ። በማግሥቱም ስጠራት ነጋልኝ። ይኸው በእግሬ ቆሜ መጣሁ። ጥላው ለዚህ ነው። የልጄን ነገር ገና እየለመንኳት ነው፤ የአማረንም፣ ሰይድ የሚባልም ልጅ አለ፣ የሱንም።»

ገመድ ያለችውን እኔ አላውቅም ነበር። በስልክ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነበር የምትለኝ።

ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች፤ የእሷም ልጅ ሄዶ የቀረ ነው። በእኛ ሰፈር ልጅ ያልወጣበት ቤት ጥቂት ነው። ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ሌላዋም። ለጧፉና ለመጋረጃው እንዲያ አልተባለም። ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው፤ ይህን ስጽፍም አብሮኝ አለ። ያን ጊዜ ግን ከእነዚያ ሴቶች መሃል ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩና ቀለለኝ። ጥላው ተዘርግቶ ታቦቷ ከሥሩ ስትገባ እኔም እልል አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴን ክንዷን ይዤ ነበር። ስለ ገመዱ ልጠይቃት ፈልጌ አልቻልኩም። በምትኩ ሌላ ጠየቅኋት።

«እማ፣ ስእለቱን አስገባሽው። አማረ የደወለ ቀንስ ምን ልትሰጫት ነው?»

ዞር ብላ እንደ ሞኝ አየችኝ። «የደወለ ቀንማ ሌላ ጥላ ትገዣለሻ!»