ድዴን የተነቀስኩ ሰሞን

እኔ ራሴን የምስተው በቀላሉ ነው። ደም ካየሁ እወድቃለሁ፤ መርፌ ካየሁ እወድቃለሁ፤ ፀሐይ ላይ ሩብ ሰዓት ከቆምኩም እወድቃለሁ። ልጅ ሆኜ ደብረ ብርሃን ሳለሁ፣ ዶሮ ሊታረድ ሲል መጀመሪያ ከግቢ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ታዲያ መንግሥት እንዲህ ያለችዋን ሰው አስተማሪ አድርጎ የት ቢመድባት ጥሩ ነው? አሰብ! ፊቴን ታጥቤ ፎጣ እስካነሳ ድረስ በላብ እንደገና የምታጠብበት ከተማ።

የነዳጅ ማጣሪያው ገና አዲስ የነበረበት ዘመን ነው። አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ተረኛ ሆኜ ባንዲራ ሳሰቅል ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ለሦስተኛ ጊዜ የወደቅሁት በፈንጣጣ ክትባት ቀን ነው። ልጆቹን አሰልፌ፣ «አይዟችሁ፣ ምንም አያምም፤ እዩኝ!» ብዬ ለአርአያነት ክንዴን ዘረጋሁ። መርፌው ሳይነካኝ እኔው ተዘረጋሁ። ስነቃ ከክፍሌ ልጆች ግማሾቹ አጥር ዘለው ጠፍተዋል።

ሦስቱንም ጊዜ ከመሬት ያነሳኝ የሒሳብ አስተማሪው ነው። የአገሩ ተወላጅ፣ ባለትዳር፣ ረጋ ያለ ሰው። ሲቀልድ ፊቱ አይፈታም፤ ስለዚህ መቀለዱን የምናውቀው ዘግይተን ነበር።

አብራኝ ቤት የተከራየችው ደግሞ ከአስመራ የመጣች የወደብ ታይፒስት ነበረች። ድዷ ተነቅሷል። ስትስቅ ከዚያ ጥቁር ድድ ሥር ጥርሷ በረዶ መስሎ ብቅ ይላል፤ ሰው ሁሉ ጉዳዩን ረስቶ ቢሮዋ ተገትሮ ይቀራል። የኔን ድድ በመስተዋት ባየው ቀይ ጥሬ ሥጋ ነው። ቅናት ያዘኝ፤ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ፣ «እኔም ድዴን ልነቀስ ነው» አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። የሒሳብ አስተማሪው ብቻ አልሳቀም። «አንቺ? መርፌ እያየሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ መርፌ እያየሁ!»

«ሳትወድቂ ከተነቀስሽ፣ እስከ ክረምት ድረስ የባንዲራ ተራሽን እኔ እቆምልሻለሁ።»

«ከወደቅሁስ?»

«የአራተኛ ክፍልን የሒሳብ ደብተር እስከ ክረምት ታርሚልኛለሽ።»

ዳይሬክተሩ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ምስክር ነኝ» አሉ። ነገሩ አለቀ።

ነቃሿ አሰብ ሰጊር በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ የትግርኛ ተናጋሪ ሴት ነበሩ። ሁሉም በአገራቸው ቋንቋ «አደይ»፣ እናቴ፣ ይላቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልንሄድ ከታይፒስቷ ጓደኛዬ ጋር ተቀጣጠርን። እሷም «ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ነው የሚወድቀው» ብላ ጨው የበዛበት ዓሣና ሦስት ብርጭቆ ስኳር የበዛበት ሻይ በግድ ጋተችኝ። መንገድ ላይ ደግሞ ክንዴን ይዛ ታስጠነቅቀኛለች።

«እንደምትወድቂ እንዳትነግሪያቸው! አንድ ጊዜ የወደቀችባቸው ልጅ ወንድሞች ገደልሽብን ብለው ዱላ ይዘው መጥተውባቸዋል። ከዚያ ወዲህ የምትወድቅ ሰው አይነኩም።»

«ታዲያ ብወድቅስ?»

«ወንድሞችሽ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ እስኪደርሱ ያልፋል» አለችኝ።

ቤታቸው ከሳንቃ የተሠራ፣ ንፋስ በየስንጥቁ የሚገባበት ነው። አደይ ዝቅ ካለ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ እኔን ምንጣፍ ላይ አንጋለው ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አደረጉ። አጠገባቸው በሲኒ ከኩራዝ የተለቀመ ጥላሸት አለ። ከዚያ በክር አንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎች አወጡ። ሰባት ናቸው። ለምን እንደቆጠርኳቸው አላውቅም።

«የት አገር ሰው ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ደብረ ብርሃን።»

«አጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ» ብለው ከንፈሬን በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ ገለበጡት።

የመጀመሪያውን መወጋት ቻልኩት። ሁለተኛውንም። ከዚያ የደም ጣዕም ምላሴ ላይ መጣ። ጆሮዬ ጭው አለ። የጣራው ቆርቆሮ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይሄድ ጀመር። ይህን መንገድ አውቀዋለሁ፤ መጨረሻው የት እንደሆነም አውቃለሁ።

አደይ መርፌውን አቆሙ። ፊቴን አዩ። ጓደኛዬን አዩ። ጓደኛዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የድንግል ማርያም ሥዕል በጥልቅ ጸሎት ትመለከታለች።

«እህ! ደብረ ብርሃን አልሽኝ?» አሉ አደይ፣ መርፌውን መልሰው እየሰነዘሩ። «እዚያ አገር ሰው ፊቱን የሚታጠበው ለጥምቀት ብቻ ነው ይባላል። እውነት ነው?»

ምን? አልኩ በልቤ። አፌ በጣታቸው ተይዟል።

«ጠላችሁንም አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ። የእግር እጣቢ መስሎኝ ልደፋው ስል ባለቤቷ ጮኸችብኝ።»

«እእእ!» አልኩ።

«ዝም በይ፣ መርፌ ይስታል። ደግሞ ሽሯችሁ! በርበሬ ተሳልሞት የሚሄድ ሽሮ። ይህን እየበላችሁ አድጋችሁ ነው አስተማሪ የምትሆኑት? የሰው ልጅ ምን ልታስተምሩ?»

ደሜ ፈላ። የምላችሁ እውነቴን ነው፤ ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ እየጋለ ሲወጣ ይሰማኛል። ጆሮዬ ጭው ማለቱን ተወ። ጣራው ቦታው ላይ ቆመ። እናቴ የጠመቀችውን ጠላ ሰው ከሸዋ ሮቢት ድረስ እየመጣ ነው የሚጠጣው! ይህን ልነግራቸው አፌን ስታገል፣ እሳቸው ከንፈሬን ጨብጠው ይወጋሉ፤ ይሳደባሉ፤ ይወጋሉ። ከጠላና ከሽሮ አልፈው ወደ ዘመዶቼ መጡ። የአጎቴን አፍንጫ ሳያዩት ገለጹት፤ የሚገርመው ደግሞ ልክ ነበሩ።

እንዲህ እየተቃጠልኩ የላዩ ድድ በሙሉ አለቀ። ጥላሸቱን በጣታቸው አሻሹበት፤ በጨው ውሃ አጉመጠመጡኝ።

«በቃ፣ ተነሺ» አሉኝ።

ብድግ አልኩ። ለማሰብ እንኳ ለራሴ ጊዜ አልሰጠሁም። ያችን ለተማሪ የምቀስራትን ጣቴን ቀሰርኩና፣ ከንፈሬ እንደ ዳቦ አብጦ፣ «ስሚኝ አንቺ ሴትዮ! የደብረ ብርሃን ጠላ ማለት...» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው በወሬ ነው። ጣቴን እንደቀሰርኩ ተዝለፍልፌ ጓደኛዬ ላይ ወደቅሁባት፤ እሷ ደግሞ ሲኒው ላይ። ስነቃ አደይ ውሃ እየረጩብኝ፣ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። የጓደኛዬ ነጭ ቀሚስ ጀርባ በጥላሸት ጠቁሯል።

«ጠላው ምን ሆነ?» አሉኝ አደይ። «ጨርሺው እንጂ!»

«እንደምወድቅ አወቁ እንዴ?»

«ደጃፌን ስትረግጪ ነው ያወቅሁት። ዱላ ይዘው ከመጡብኝ ወዲህ መድኃኒቱን አውቄያለሁ፤ ንዴት የያዘው ሰው አይወድቅም። የወደቅሽው ንዴትሽ ሲወጣልሽ ነው።» ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝ። ስለ አጎቴ አፍንጫ ግን ይቅርታ አልጠየቁም።

ወደ ቤት ስንመለስ ከጓደኛዬ ጋር ተማከርን። ውርርዱ «ሳትወድቂ ከተነቀስሽ» ነው የሚለው። ስነቀስ አልወደቅሁም። የወደቅሁት ከተነቀስኩ በኋላ ነው። ስለ በኋላው ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም ማንንም አናስቸግርም። እንዲህ ተባብለን ኅሊናችንን አስተኛነው።

ሰኞ ጠዋት መናገር አልቻልኩም። ዳይሬክተሩ ቢሯቸው አስገብተው በአክብሮት ከንፈሬን ገልጬ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ አዩና ትንሽ ወደ ኋላ አሉ። ጓደኛዬ የምስክርነት ቃሏን በወደቡ ታይፕ መትታ ልካ ነበር፤ «በንቅሳቱ ሂደት ወቅት አልወደቀችም» ይላል። የሒሳብ አስተማሪው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ሂደት» የምትለዋ ላይ ቆየ። ከዚያ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ባንዲራውን ሊያሰቅል ወጣ።

አንድ ሳምንት ቆመ። እኔ ከክፍሌ ጥላ ሥር ሆኜ አየዋለሁ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ ልጆቹ መዝሙሩን እስኪጨርሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰኞ ደስ አለኝ። ማክሰኞም ደስ አለኝ። ረቡዕ ላይ ደስታው ትንሽ ቀነሰ። አርብ ዕለት፣ እብጠቴም ስለበረደ፣ እረፍት ሰዓት ጠብቄ ወደ እሱ ሄድኩ።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው» አልኩት። «ወድቄያለሁ።»

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ከደብተሩ ቀና ሳይል።

«ምን ታውቃለህ?»

«ጣትሽን ቀስረሽ፣ ስለ ጠላ እየተናገርሽ። አደይ የዚያኑ ቀን ለባለቤቴ ነግረዋታል። ጎረቤታችን ናቸው።»

ድንጋጤም እፍረትም አንድ ላይ መጡብኝ። «ታዲያ ለምን ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትቆማለህ?»

አሁን ቀና አለ። ፊቱ እንደ ወትሮው አልተፈታም። «ስሚ እህቴ፣ እኔ እንደሆነ እዚሁ ነው የተወለድኩት፤ ፀሐዩ ያውቀኛል። አንቺን በየወሩ ከባንዲራው ሥር ከማንሳት መቆሙ ይቀለኛል። ቀላል እንዳይመስልሽ፣ ትከብጃለሽ።»

የተናደድኩ ይመስለኛል። ግን ሳቄ ቀደመኝ፤ ስስቅ ደግሞ ድዴ ታየ። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ አየውና፣ «ማሻላህ፣ ያምራል» አለ።

እስከ ክረምት ቆመልኝ። እኔም ሳይጠይቀኝ ከአራተኛ ክፍል ደብተር ግማሹን እየወሰድኩ ማረም ጀመርኩ። ክፍልፋይ ላይ ግን እኔም ከልጆቹ አልሻልም ነበር። አንድ ቀን አንዲት የወደብ ሠራተኛ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጥታ፣ «መምህር፣ ይሄንን ኤክስ ያደረጉብኝ ለምንድን ነው?» አለችኝ። ደጋግሜ አየሁት። ልጅቷ ልክ ነበረች። ኤክሱን ሰርዤ ራይት አደረግሁላት፤ እሷም አመስግና፣ ወደ በሩ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ሌሎቹንም ልጥራቸው?» አለችኝ።