የሜትሪንግ አውራ ጣት

ሜትሪንግ የምትጸየፈው ዓሣ አይደለም። ከማለዳ ጀምራ ባሕሩ ዳር ገበያ ላይ የዓሣ አንጀት ስትዘረግፍ፣ ቅርፊቱ ክንዷ ላይ ሲደርቅ ቅር አይላትም። የሰው ምራቅ ግን አታሳዩዋት። ለቅሶ ቤት የራሷን ኩባያ ይዛ ትሄዳለች። ሰው ሲያስነጥስ ፊቷን ታዞራለች። የልጇ ሚስት ሉስቪ ለሕፃኑ ለቶቶይ ሩዙን አላምጣ ስታጎርሰው ያየች ቀን፣ ራቷን ሳትበላ ነው ያደረችው።

ከሁሉ የሚብስባት ግን ጎረቤቷ ማንግ ሲንዶ ነበር። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ትምባሆውን ከቅጠል፣ ከኖራና አፍ ከሚያቀላ ፍሬ ጋር ያኝካል፤ በየመሐሉ ቀይ ምራቁን እንትፍ ይላል። አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ በግ የታረደበት ይመስላል። ሐሰት አይነገርም፣ ይቀፋል። አንድ ቀን ደጃፏ ላይ ቢተፋ፣ የዓሣ እጣቢ ደፍታበት፣ "ሁለተኛ እዚህ ብትተፋ ምላስህን በዚህ ቢላዋ ነው የምቆርጠው!" አለችው። ከዚያ ወዲህ ተዘጋጉ።

እንግዲህ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቶቶይ ማልቀስ ጀመረ። ሆዱ ተነፍቶ ከበሮ አከለ፤ የጠባውን ሁሉ አስመለሰ፤ ለቅሶው እየሰለለ ሄደ። ሉስቪ ልጁን አቅፋ ከወዲያ ወዲህ እየተንቆራጠጠች፣

"ናናይ፣ ኡሶግ ነው፤ የሰው ሰላምታ ነው የያዘው" አለች አማቷን። "ጠዋት ማንግ ሲንዶ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ 'ይሄ ልጅ እንዴት ወፍሯል' ሲል ሰምቼዋለሁ። 'ኡሶግ አይንካው' እንኳ አላለም።"

ሌላ አስረጂ አላስፈለጋቸውም። ኡሶግን የሚያነሣው ያመጣው ሰው ምራቅ ነው። ያ ሰው አውራ ጣቱን በምላሱ አርሶ የልጁን ሆድ ካልቀባ፣ ልጁ እየደከመ እየደከመ ይሄዳል። ያ ቀይ አፍ ሜትሪንግን ታያት። የልጅ ልጇን ከንፈር ስታይ ግን ደርቋል። ሄደች።

"ማንግ ሲንዶ፣ እንደምን ዋሉ? እባክዎ..."

"ዛሬ ደግሞ እርስዎ ሆንኩ?" ሽማግሌው ጉንጩ ውስጥ ያለውን ወደ ሌላው ጎን አዛወረ።

"ልጁን ኡሶግ ይዞታል። ምራ..." ቃሉ አልወጣላትም።

"ምኔን? ጮክ በይ፣ ጆሮዬ ከብዷል።"

"ምራቅዎን።"

"አይ ሜትሪንግ! ያኔ ምላሴን ቆርጠሽው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ይውጥሽ ነበር?"

ተሳለቀባት እንጂ አልጨከነባትም፤ መጣ። ያን ኖራ የበላው አውራ ጣቱን ሲልስ ሜትሪንግ ወደ ግድግዳው ዞረች። መለስ ስትል የሕፃኑ ሆድ ላይ ቀይ መስቀል ተሥሏል። ሽማግሌው እጁን ከማንሣቱ እርጥብ ጨርቅ ይዛ፣ የልጁ ቆዳ እስኪቆጣ ፈተገችው።

"ሳይደርቅ ምን አስቸኮለሽ?" አለ ሲንዶ ተቀይሞ።

ልጁ ለቅሶውን አላቆመም፤ ጭራሽ ባሰበት። ቢቸግራቸው የመንደሩን መድኃኒተኛ ኢምፖ ጋያን ጠሩ። አሮጊቷ የሸብ ጠጠር ፍም ላይ ጥላ፣ ሲኮማተር ውሃ ውስጥ ከተተችውና ኡሶጉን ማን እንዳመጣው ለማወቅ ቅርጹን እያገላበጠች አየች።

"ሲንዶ አይደለም" አለች። "ሴት ናት። ራሷ ላይ ነገር ተሸክማለች። ዛሬ ርቧት፣ ፀሐይ መትቷት፣ ከነላቧ ልጁን ሰላም ያለች ማን ናት?"

ሜትሪንግ እኩለ ቀን ላይ ከገበያ ስትገባ፣ ጠዋት እህል ሳትቀምስ ወጥታ፣ የዓሣ ሳፋውን ከራሷ ሳታወርድ፣ "የኔ ድንቡሼ" ብላ ቶቶይ ላይ ማጎንበሷ ትዝ አላት። የሰው ቆሻሻ እንዳይነካት ስትሸሽ ኖራ፣ ልጁን የነካችው እሷ ራሷ ሆና ተገኘች።

"በይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለቻት ኢምፖ ጋያ።

አፏ ደርቆ ምራቅ እምቢ አላት። አውራ ጣቷን ስትልሰው የዓሣ ጨው ቀመሰች። ቀስ ብላ የልጁን ሆድ ቀባችና ቀና ስትል የሉስቪን ፊት አየች። አፍንጫዋ ተጨማዷል፣ የላይ ከንፈሯ ተሰብስቧል። ሩዝ አላምጣ ለልጇ የምታጎርሰው ሉስቪ! ሜትሪንግ ያን ፊት አወቀችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስታሳየው የኖረችው የራሷ ፊት ነው።

ቶቶይ ትንሽ ቆይቶ አገሳ። ሆዱ ረገበ፣ እንቅልፍ ጣለው።

"እንዳትጠርጉት፣ በራሱ ይድረቅ" ብላ ኢምፖ ጋያ ወጣች። ሲንዶም ተከተላት።

ሜትሪንግ እጇን ልትታጠብ ጓሮ ወጣች። በመስኮቱ ወደ ውስጥ ስታይ፣ ሉስቪ የሲንዶ ምራቅ የተጠረገበትን ያንኑ ጨርቅ አንሥታ፣ አማቷ የቀባችውን ቦታ ልጁ እንዳይነቃ በቀስታ እየፈተገች ነበር።